የምድር እንፋሎትና የገበሬው ድርሻ

በስምጥ ሸለቆ የሚኖር ሕዝብ ከምድር ሆድ የሚወጣውን ፍል ውኃና እንፋሎት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። መሐንዲሶች ደግሞ ይህንኑ ሙቀት በጥልቅ ጉድጓድ እያወጡ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያንቀሳቅሱበታል። በዚህ ሥራ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የገፋችው ኬንያ ናት፤ በኦልካሪያ የመጀመሪያው የ15 ሜጋዋት ማመንጫ በ1981 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ያህሉ ከእንፋሎት ይገኛል።

ነገር ግን የእርሻ ሰው ከመብራቱ ይልቅ ሊመለከተው የሚገባ ጉዳይ አለ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሩቅ ከተማ ይደርሳል፤ ሙቀት ግን በቧንቧ ርቆ ሲሄድ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቀቱ በባሕርዩ የጎረቤት ሀብት ነው፤ ጎረቤት ካልተጠቀመበት ማንም አይጠቀምበትም።

ይህም በሥራ ታይቷል። በዚያው በኬንያ፣ በኤቡሩ ተራራ ያሉ ገበሬዎች የተባይ መድኃኒት የሚቀመምበትን ፓይሬትረም የተባለውን አበባ በእንፋሎት በሚሞቅ ቤት ሲያደርቁ ኖረዋል። ውኃ በሚቸግርበት በዚያ ተራራ እንፋሎቱን በቧንቧ አቀዝቅዘው፣ የሚንጠባጠበውን ለመጠጥ ያጠራቅማሉ። በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብም አንድ የጽጌረዳ እርሻ የአበባ ቤቶቹን በዚሁ ሙቀት በማሞቅ፣ ሌሊት በቅጠሉ ላይ የሚያርፈውንና ሻጋታ የሚያመጣውን እርጥበት አስወግዷል።

በኤርትራ የአሊድ ተራራ በ1996 እ.ኤ.አ. በሥነ ምድር ሊቃውንት ተመርምሮ ከሥሩ ብርቱ ሙቀት እንዳለ ተገምቷል። በዚያ ቆላ ለፍየልና ለግመል አርቢው ከመብራት ይልቅ ውኃ ይቀድማል፤ የኤቡሩም ብልሃት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በእርግጥ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ፍል ውኃ ራሱ ጨውና ሌላም ማዕድን ስለሚበዛበት ወደ ማሳ ሊለቀቅ አይገባም፤ ሙቀቱን ከሰጠ በኋላ ወደ መጣበት ምድር ይመለስ። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የልጆችን ጥርስ ምን እንደሚያደርግ የስምጥ ሸለቆ ሰው አይቶታል።

በኢትዮጵያ ስለ አሉቶ ላንጋኖ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው የሜጋዋት ቁጥር ነው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተተከለው 7 ሜጋዋት ያህል ማመንጫም ለብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ቆይቷል። ከተራራው ግርጌ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ ገበያ በወደቀ ጊዜ ቲማቲም በማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ በቆሎም በዝናብ ተይዞ ይሻግታል። ማመንጫው ካለቀ በኋላ ቧንቧ ቆርጦ መቀጠል ወጪው የከበደ ስለሚሆን፣ የገበሬው ማድረቂያ ቤትና የሚደርሰው ሙቀት ልክ አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር በፊት በፕላኑ ላይ ሊጻፍ ይገባል።