አርፍዶ የመጣው ተማሪ





ለሥራ ወደ ፃግብጂ ወረዳ ወርጄ ሳለ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ተንበርክኮ አየሁ። ጥፋቱ ማርፈዱ ነው። ያረፈደውም ፍየል አሰማርቶ ስለ መጣ ነው። በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም በማለቱ እንደ ደፋር ተቆጠረ፤ አፉን የፈታው ግን በኽምጣና ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ታዲያ በጠጠር ላይ ማንበርከክ የአካል ቅጣት አይደለምን?

ሥርዓት አይኑር ማለቴ አይደለም። ሕፃኑ ተራውን ጠብቆ ይናገር፤ ሰሌዳ ይጥረግ፤ ደብተሩን በንጽሕና ይያዝ። የሰባት ዓመት ልጅ የሚችለው ኃላፊነት ይህን ያህል ነው። ፍየሎቹን በማለዳ ማን ያሰማራ የሚለውን ግን መምህሩ ከአባትየው ጋር ይነጋገርበት እንጂ ሕፃኑን አይጠይቀው። እኛስ የመንግሥት ሠራተኞች ቢሮ ስናረፍድ ማን አንበርክኮን ያውቃል?

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሰቆጣ