ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 12,000 ዋት የት ገባ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ስፒከሩ ዝም አለ» አለኝ። ድምፁ ሰው የሞተበት ነው የሚመስለው። አልፈረድኩበትም። ስምንት ወር ሙሉ ከደመወዙ እየቆጠበ ነው ሆም ቴአትሩን የገዛው። ወንድሞቹንና የሰፈር ጓደኞቹን ሰብስቦ ፊልም ከፈተ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቀው፣ ፊልሙ ሳያልቅ የፊተኞቹ ትዊተሮች ተቃጠሉ። ሱቅ ሲመለስ ደግሞ «ዋቱ አንሶህ ነው፣ ትልቁን ውሰድ» አሉት።

የገዛው ሳጥን ላይ ስንት ዋት እንደተጻፈ ጠየቅኩት። «12,000 ዋት ፒኤምፒኦ» አለኝ።

12,000 አንሶት!

እስቲ ለአምስት ደቂቃ ክፍል እንግባ። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ጠንካራ የሚባለው ሶኬት 16 አምፔር ይችላል። አባዙት፣ 3,520 ዋት ይመጣል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ገደማ ይወስዳል። እሱ ሲሰካ አምፖሉ እንዴት እንደሚደበዝዝ እናታችሁን ጠይቁ። እንግዲህ 12,000 ዋት ማለት ሦስት አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ያ ሁሉ ኃይል በዚያች ቀጭን ገመድ?

ልጁን «ከኋላው ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብብልኝ» አልኩት። አነበበ፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 80 ዋት። እውነቱ እዚያ ነበረ። 80 ዋት የሚበላ ዕቃ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ትንሽ ያጠራቅማሉ። ሳያቋርጥ ግን ከሚበላው በላይ አያወጣም። በሙቀት የሚባክነው ተቀንሶ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብ ዉፈር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10 ዋት ገደማ ቢደርሰው ነው።

ፒኤምፒኦ የሚባለው ነገር ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለውም። አምራቹ የፈለገውን ቁጥር ይጽፍበታል። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥና ድምፅ ሳያበላሽ የሚሰጠውን ዋት ነው፤ ብዙ ጊዜ «አር ኤም ኤስ» ተብሎ ይጻፋል። ስንት ስፒከር በአንድ ጊዜ ሲሠራና በስንት ኦም እንደሆነም መታወቅ አለበት። አሜሪካኖች ይህን የቁጥር ጨዋታ አይተው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ አምፕሊፋየር ዋት ሕግ አውጥቷል። እኛም አገር የሚሸጥ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር እንዲጽፍ መገደድ አለበት ባይ ነኝ። እስከዚያው ግን ራሳችንን የምንጠብቀው እኛው ነን።

ታዲያ ስንት ዋት ይበቃል? መልሱ ብዙዎቻችሁን ያስገርማል። አንድ ደህና የሚባል የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ 87 ዴሲቤል አካባቢ ይሰጣል። 3 ሜትር ርቃችሁ ብትቀመጡ ወደ 77 ይወርዳል። ይኼ ፊልም ለማየት የሚበቃ ድምፅ ነው። አዎ፣ በ1 ዋት!

ችግሩ ፊልም ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ አይሄድም። ሰዎቹ ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ቦንብ ይፈነዳል። ያ ፍንዳታ ከንግግሩ በ20 ዴሲቤል ቢበልጥ የሚፈልገው ኃይል 100 እጥፍ ነው። 1 ዋት የነበረው ለአፍታ 100 ዋት ይሆናል ማለት ነው። ትርፍ ኃይል የሚያስፈልገው ለዚህች አፍታ ነው። ስለዚህ ለተራ ሳሎን በአንድ ስፒከር ከ50 እስከ 100 እውነተኛ ዋት ይበቃል። 50ን ትታችሁ ለ60 ተጨማሪ ብር አታውጡ፤ ጆሯችሁ አይለየውም። ኃይሉን እጥፍ ብታደርጉት እንኳ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይልቅ በ87 ፈንታ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ምረጡ፣ አምፕሊፋየሩን እጥፍ እንደማድረግ ነው።

አሁን ወደ ተቃጠሉት ትዊተሮች ልመለስ። ብዙ ሰው ስፒከር የሚቃጠለው ኃይል ሲበዛበት ብቻ ይመስለዋል። ደካማ አምፕሊፋየርም ያቃጥላል። ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ በውስጡ ብዙ ቀጭን ድምፅ ይፈጥራል፣ ይኼ ደግሞ በቀጥታ ወደ ትንሿ ትዊተር ይሄዳል። የሷ ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ሙቀቱን አትችለውም። ድምፁ መሻከር ሲጀምር አምፕሊፋየሩ «በቃኝ» እያላችሁ ነውና ወዲያው ቀንሱ።

እኔም በንጹሕ እጄ አይደለም የማወራው። አንድ ዓመት በትምህርት መዝጊያ ቀን አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን በአንድ አምፕሊፋየር ላይ አሰርኩ። አራቱ አንድ ላይ 2 ኦም ሆኑ፣ ከረንቱ ተተኮሰ፣ አምፕሊፋየሩ ወላጆች ፊት ጠፋ። በዚያው ሳምንት ፓራለል ሰርኪት አስተምሬ ፈተና አርሜያለሁ! ተማሪዎቼ ስቀውብኛል፣ ልክ ናቸው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ አራት ነገር ጠይቁ።
1. ተከታታይ ዋቱ ለአንድ ስፒከር ስንት ነው?
2. በስንት ኦም? ከስፒከሩ ጋር ይስማማል?
3. የስፒከሩ ዴሲቤል በ1 ዋት ስንት ነው?
4. ከኋላ የተጻፈው የሚበላው ኃይል ስንት ነው?

ሻጩ ካላወቀ ዕቃውን ገልብጣችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ምንም ካልተጻፈበት ተዉት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ማታ ማታ መብራቱ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ብዙ ተራ አምፕሊፋየር ከአቅሙ ሲሶውን ያጣል።

ልጁን «ትልቁን አትግዛ» አልኩት። ትዊተሮቹን በትንሽ ብር አስቀየረ፣ አሁን ድምፁን ከግማሽ ትንሽ አሳልፎ ይሰማል። የተረፈውን ብር እውነተኛ አምፕሊፋየር እስኪገዛ ያጠራቅመዋል። ትናንት ደውሎ «ቲቸር፣ ይሄን ክፍል ውስጥ ነግረኸን ነበር እኮ» አለኝ። ነግሬው ነበር። ግን ለፈተና እንጂ ለኪሱ እንደሚሆነው አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

እስቲ ተነሱና የቤታችሁን ሆም ቴአትር ጀርባ እዩ። ፊቱ ላይ ያለውንና ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር እናሰላዋለን።

ሰላም እደሩ።