የልጅ ክብደት በማህፀን ሲጀምር፦ ጭስ፣ ፀረ ተባይና መጪው ትውልድ

አንድ ሕፃን በጤና ተቋም ሲወለድ ቀድመው ከሚመዘገቡለት መረጃዎች አንዱ ክብደቱ ነው። ሚዛኑ ከ2 ሺህ 500 ግራም በታች ካመለከተ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ዝቅተኛ የውልደት ክብደት ካላቸው ሕፃናት ይመደባል። ይህ ቁጥር የእናቲቱን አመጋገብ፣ የወባንና የሌሎች በሽታዎችን ጫና፣ የሥራዋንም ድካም ያንፀባርቃል። በሕፃናት ዕድገት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከእነዚህ ጎን ሌላ ምክንያት አስፍረዋል፤ እርሱም እናቲቱ በእርግዝና ወቅት የምትተነፍሰው ጭስና የምትነካካው ኬሚካል ነው።

ጉዳዩ ለአርሶ አደሩም ለከተማ ነዋሪውም ቅርብ ነው። በገጠር እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በእንጨትና በኩበት ነው፤ በከተማም ቢሆን ከሰል ከብዙ ቤቶች አልወጣም። ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካልም በመኸርም ሆነ በመስኖ እርሻ የተለመደ ግብዓት ሆኗል።

ጭሱ ፅንሱን እንዴት ያገኘዋል?

የማገዶ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝና እጅግ ደቃቅ ብናኝ ይይዛል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል፤ ብናኙም በሳንባ በኩል ገብቶ የደም ሥሮችን ያስቆጣል። በዚህ ምክንያት በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ኦክስጅንና ምግብ ሊቀንስ ይችላል።

ለረጅም ጊዜ የተጠናው የትምባሆ ጭስ ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በእርግዝና ወቅት ከሚያጨሱ እናቶች የሚወለዱ ልጆች ክብደታቸው በአማካይ 200 ግራም ገደማ ያንሳል። እነዚሁ ልጆች ለትምህርት ሲደርሱ ግን ከእኩዮቻቸው ይልቅ ከልክ ላለፈ ውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ባለሙያዎች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ በማህፀን ሳለ እጥረትን የለመደ አካል ከተወለደ በኋላ ያገኘውን ምግብ በስብ መልክ ለማከማቸት ያደላል የሚል ነው።

ይሁንና መፍትሔው ምድጃ መቀየር ብቻ አይደለም። በሩዋንዳ፣ በሕንድ፣ በጓቲማላና በፔሩ 3 ሺህ 200 ያህል ነፍሰ ጡር እናቶችን ያሳተፈ ሰፊ ሙከራ ውጤቱ እ.አ.አ በ2022 ይፋ ሆኗል። ግማሾቹ እናቶች የጋዝ ምድጃ ከነነዳጁ ተሰጣቸው። የሚተነፍሱት ጭስ በእጅጉ ቢቀንስም፣ በልጆቻቸው የውልደት ክብደት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። እናቶቹ ወደ ሙከራው የገቡት ከፀነሱ ከ9 እስከ 20 ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ጥበቃው ከእርግዝና በፊት መጀመር ይኖርበት ይሆን የሚለው ጥያቄ በብርቱ ይነሳል። የጭስ ጉዳት ከምግብ እጥረትና ከበሽታ ተነጥሎ እንደማይፈታም ውጤቱ ያስገነዝባል።

«መድኃኒት» የሚባለው መርዝ

አርሶ አደሩ ፀረ ተባይን «መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል፤ ለሰው አካል ግን መርዝ ነው። ከእነዚህ ኬሚካሎች በስፋት የተጠናው ዲዲቲ ነው። ዲዲቲ በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ በሰውነት ለዓመታት ይቆያል፤ ከእናት ወደ ፅንስም ይተላለፋል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሳሊናስ ሸለቆ፣ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡና ከእርሻ ሥራ ጋር የተሳሰሩ ቤተሰቦችን የያዘ ጥናት እ.አ.አ ከ1999 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። በእርግዝና ወቅት በእናቶች ደም ውስጥ የተገኘው ዲዲቲና ከእርሱ የሚወጣው ውሁድ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር፣ ወንዶች ልጆቻቸው በ12 ዓመታቸው ከቁመታቸው አንጻር የነበራቸው ክብደትም ከፍ ብሎ ታይቷል። በሴቶች ልጆች ላይ ተመሳሳይ ዝምድና አልተገኘም። ይህ ዓይነቱ ጥናት ዝምድናን ያሳያል እንጂ ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም። ቢሆንም ኬሚካሉ የሆርሞኖችን ሥራ እንደሚያውክ በሌላ በኩል የታወቀ በመሆኑ፣ ውጤቱ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ዲዲቲ በአገራችን ለወባ መከላከል ለአሥርት ዓመታት ተረጭቷል፤ ወደ እርሻና ወደ እህል ማከማቻ የገባበትም ጊዜ ነበር። በጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን እናቶች ጡት ማጥባት ያቁሙ ማለት አይደለም። የጡት ወተት ጥቅም ከዚህ ስጋት እጅግ የላቀ በመሆኑ፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የማጥባት ምክር እንደጸና ነው።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

በ2011 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 2 በመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ዋናው ጭንቀታችን ውፍረት ሳይሆን ቀልሎና ቀንጭሮ ማደግ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ተቃራኒ የሚመስሉ ችግሮች ከአንድ ምንጭ ሊቀዱ ይችላሉ። ዛሬ በማህፀን ተጎድቶ የሚወለድ ሕፃን ነገ ከተማ ገብቶ፣ አመጋገቡ ተለውጦ፣ እንቅስቃሴው ቀንሶ ሲኖር ለስኳርና ለደም ግፊት ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል።

በ2007 ዓ.ም የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃኑን የመጀመሪያ 1 ሺህ ቀናት ማዕከል ያደረገ ነው። ከእነዚህ ቀናት 270ዎቹ በማህፀን የሚያልፉ ናቸው። በእነዚህ ቀናት የእናቲቱ ማዕድ ቤትና ማሳ ደኅንነትም እንደ ምግቧ ሊታሰብ ይገባል።

ኃላፊነቱ የእናቲቱ ብቻ አይደለም

ማገዶ የምታነድ እናት ሌላ አማራጭ ስላጣች እንጂ ጭስ ወዳ አይደለም። ስለዚህ ሸክሙ በቤተሰቡና በመንግሥት መካከል መከፋፈል አለበት። በቤተሰብ ደረጃ ነፍሰ ጡር ሴት ኬሚካል እንዳትበጠብጥ፣ እንዳትረጭ፣ በተረጨ ማሳም ወዲያው ገብታ እንዳታርም ማድረግ ይቻላል። የረጨው ሰው ልብስ ለብቻው ሊታጠብ ይገባል፤ አጣቢዋም ነፍሰ ጡር መሆን የለባትም። የኬሚካል ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ መያዣ አይሆንም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ የጭስ መውጫና ደረቅ እንጨት ጭሱን ይቀንሳሉ፤ ከሰልም በተዘጋ ክፍል ውስጥ መቀጣጠል የለበትም።

በመንግሥት በኩል ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ በካይ ኬሚካሎችን የሚመለከተውን የስቶክሆልም ስምምነት እ.አ.አ በ2003 አጽድቃለች፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ም ወጥቷል። የሚቀረው አዋጁ በገበያ ላይ እንዲታይ ማድረግ ነው፤ ስያሜው ተፍቆ፣ ተቀንሶ በውኃ ፕላስቲክ የሚሸጥ ኬሚካል ገዢው ምንነቱን ሊያውቀው አይችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በእርግዝና ክትትል ወቅት ስለ ጭስና ስለ ርጭት ብትጠይቅ፣ የግብርና ባለሙያውም ሥልጠናውን ለባል ብቻ ሳይሆን ለሚስትም ቢሰጥ፣ ሁለቱ ዘርፎች በአንድ ቤት ደጃፍ ይገናኛሉ።

የሕፃን ሚዛን የሚናገረው ከወራት በኋላ ነው። ማዕድ ቤቱንና ማሳውን ማስተካከል ግን ሚዛኑ እስኪናገር መጠበቅ የለበትም።