አንበሳውና ፈረሱ

«ጤዛ አንበሳውን ተቀማ!» የሚለው እሮሮ ዛሬም ካፋችን አልጠፋም። እስቲ እንነጋገርበት!

እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ በቪም ቬንደርስ የሚመሩት ዳኞች ወርቃማውን አንበሳ ስላንድ ያረጀ አሜሪካዊ የነፃ ትግል ተጋጣሚ ለሚተርከው «ዘ ሬስለር» ሰጡ። ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማት ደረሰው። እኔም ፍርዱ ጎደሎ ነው ባይ ነኝ፤ በአንበርብር ቁስል ውስጥ አንድ ትውልድ ሙሉ ይደማል።

ግን በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት፣ የወርቁን ፈረስ፣ ለዚሁ ፊልም ሲሰጥ የት ነበርን? ለተነፈግነው አንበሳ እያለቀስን የተሰጠንን ፈረስ ረሳነው! ለመሆኑ ዳኛው ፈረንጅ ካልሆነ ፍርዱ ፍርድ አይደለም ያለን ማነው? ጓደኞቼ፣ ቬኒስን ከመክሰሳችን በፊት ይህን እንመልስ!