የጌዴኦ ዛፍና የጐልማሶቹ አደራ

አባት ያቈየውን ሀብት ልጅ አጥብቆ የሚጠብቀው ጥቅሙን ሲያውቅና ከጥቅሙም ሲካፈል ነው። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ በገባ ጊዜ ለኢትዮጵያ ታላቅ ክብር ሆኖላታል። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዛፍን ከመጥረቢያ አያድንም፤ የሚያድነው በዛፉ ሥር የሚኖረው የባላገሩ ልጅ ነው።

ከዲላ ተነሥቶ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄድ መንገደኛ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፥ ከዚያ በታች እንሰት፥ ከእንሰቱም ጋራ ቡና በአንድ ማሳ ላይ ተስማምተው በቅለው ያያል። ዛፉ የዝናቡን ኀይል ይሰብራል፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያዳብራል፤ ሥሩም አፈሩን ይዞ ቁልቁለቱ እንዳይናድ ያደርጋል። እንሰቱ ቤተ ሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ገንዘብ ያመጣል። ሽማግሌዎችም የተቀደሱትን ደኖችና እንደ ቱቱ ፈላ ባሉት ሥፍራዎች የቆሙትን ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ሲጠብቁ ኖረዋል። ይህ ሁሉ በቃልና በእጅ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

ዳሩ ግን ጌዴኦ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከሚበዛባቸው አንዱ ስለ ሆነ፥ መሬቱ ለልጅ በተከፈለ ቍጥር እያነሰ ይሄዳል። ጥቂት መሬት የደረሰው ጐልማሳም የጥላውን ዛፍ ቈርጦ፥ ፈጥኖ ገንዘብ የሚሰጠውን ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ለመትከል ይፈተናል። ይህን ጐልማሳ ብቻ መውቀስ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም፤ ለቸገረው ሰው ቅርስህን ጠብቅ የሚል ምክር ብቻውን እንጀራ አይሆነውምና።

ስለዚህ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ሲመክሩ ወጣቶችን ከአጠገባቸው ሊያስቀምጡ ይገባል። የዲላ ዩኒቨርሲቲና ትምህርት ቤቶችም የባላገሩን ዕውቀት በጽሑፍ ያኑሩ፤ ተማሪውንም ወደ ማሳው ወስደው ከአዛውንቱ እጅ ያስተምሩ። ሹማምንትም ወጣቶች ተባብረው የአገር በቀል ችግኝ እንዲያፈሉ፥ ቡናውን በጥራት አዘጋጅተው በመልካም ዋጋ እንዲሸጡ፥ እንግዳንም እየመሩ ደመወዝ እንዲያገኙ መንገዱን ሊከፍቱላቸው ግዴታቸው ነው።

እናንተም የጌዴኦ ጐልማሶች ሆይ፥ ዛሬ በጥላው የተቀመጣችሁበትን ዛፍ የተከለው ሰው ለራሱ ብቻ አላሰበም። ስለዚህ አንዱን ስትቈርጡ ሌላውን ሳትተክሉ አትደሩ።