ይቅርታ የተደረገለት ሰው መዝገቡ ለምን አይሰረዝም?

በቦምቤ የገበያ ቀን ጠብ ተነሣ እንበል። አንድ ወጣት በንዴት ባልንጀራውን በዱላ ይመታል፤ የወረዳው ፍርድ ቤትም በስድስት ወር ቀላል እስራት ይቀጣዋል። ቅጣቱን ፈጽሞ ይወጣል፤ ሁለቱ ቤተሰቦችም በሽማግሌዎች ፊት ይታረቃሉ። ከዓመታት በኋላ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሊሄድ ወይም መሥሪያ ቤት ሊቀጠር ሲል፣ አሻራ ሰጥተህ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያስረዳ ወረቀት አምጣ ይባላል። ያን ጊዜ የተረሳው ስድስት ወር ከመዝገብ ብቅ ይላል። ይህን ለምሳሌ ያህል ጻፍሁት እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ሆኖም ከቦምቤ እስከ ሶዶ ተመሳሳዩን ያላየ አጥቢያ ብዙ አይመስለኝም።

ብዙ ወገኖች እዚህ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን በር አለው። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ድረስ «መሰየም» ስለሚባል ነገር ይናገራል። ቃሉ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም አሳቡ ቀላል ነው፤ የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባዩን አስመስክሮ ፍርዱ እንዲሰረዝለትና መብቱ እንዲመለስለት ይጠይቃል።

ትልቁ ግራ መጋባት የሚመጣው ከይቅርታ ነው። በበዓላት ሰሞን መንግሥት ለታራሚዎች ይቅርታ ያደርጋል፤ ቤተሰብም በደስታ ይቀበላል። ነገር ግን በሕጉ ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል እንጂ ፍርዱን አይሽርም፤ ፍርዱ በመዝገብ ላይ ይኖራል። ፍርዱን ራሱን የሚሽረው ምሕረት ነው። እርሱም በ2010 ዓ.ም. እንደወጣው የምሕረት አዋጅ ለተወሰኑ የወንጀል ዓይነቶች በሕግ የሚሰጥ ስለሆነ፣ በገበያ ጠብ የተፈረደበት ወጣት ቁጭ ብሎ ሊጠብቀው አይችልም። የሽማግሌዎች እርቅም ቢሆን ልብን ያሳርፋል፤ መዝገቡን ግን አይነካም። እኛ በመድረክ ላይ ይቅርታንና ምሕረትን እያቀያየርን ስለምንናገር ይመስለኛል፣ ልዩነቱ ሳይታወቀን የሚያልፈው።

ታዲያ ምን ያስፈልጋል? ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ከነበረ፣ ከተፈጸመ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት፤ ጽኑ እስራት ከነበረ አምስት ዓመት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው መልካም ጠባይ ያሳየና በሌላ ወንጀል ያልታሰረ መሆን ይገባዋል። ደግሞም ፍርድ ቤቱ ያዘዘውን ካሳና ወጪ አቅሙ በሚፈቅደው መጠን መክፈሉን ማሳየት ይኖርበታል። ይህ የመጨረሻው ዘኬዎስን ያስታውሰኛል። ተበዳዩ የሕክምና ወጪውን ሳያገኝ የበዳዩ ስም ብቻ እንዲጠራ መጸለይ ግማሽ መንገድ ነው።

እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ከ1974 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሕግ ጀምሮ አነስተኛ ቅጣቶች ጊዜያቸው ሲያልፍ በራሳቸው ይረሳሉ። በአገራችን ግን ካልጠየቁ አይሰጥም፤ መጠየቅም ብቻውን አያሰጥም፣ ዳኛው ሰውየው የሚገባው መሆኑን ማመን አለበት። ማመልከቻው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ቦሎሶ ቦምቤ ከቦሎሶ ሶሬ ተከፍሎ የወጣ ወረዳ በመሆኑ የቆየ ፋይል አረካ ሊገኝ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም የክልሉ መዋቅር ተለውጧል። ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭና የመዝገብ ቁጥሩን ቀድሞ መፈለግ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊትም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቤተ ክርስቲያን ልብ ብላ ልታነበው ይገባል። የተሰየመን ሰው በክፋት ያንኑ የድሮ ፍርድ እያነሣ የሚነቅፍ ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት ነው እኮ የተናገርሁት» ማለትም አያድነውም። በሽማግሌ ምርጫ ወይም በጋብቻ ጥያቄ ጊዜ ማን ምን እንደሚያነሣ ሁላችን እናውቃለን። በወላይታ መታሰር ሁልጊዜ ነውር አልነበረም፤ እነ ዋንዳሮ ደባሮ በጣልያን ዘመን ስለ ወንጌል ታስረው ተገርፈዋል። ስለ ጥፋቱ የታሰረውን ግን ለማቀፍ እንዘገያለን። እርግጥ በገንዘብ ማጉደል የተፈረደበትን ሰው ወዲያው ሣጥን ያዥ አድርጉት አልልም። ጥንቃቄ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት ማዋረድ ሌላ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የውጭ አገር ኤምባሲዎች በራሳቸው ሕግ ይሠራሉ። ለምሳሌ የአሜሪካ የቪዛ ቅጽ ይቅርታ ወይም ምሕረት ያገኘ ጥፋት እንኳ ቢሆን እንዲገለጽ ይጠይቃል። እዚያ ላይ «የለብኝም» ብሎ መጻፍ አዲስ ችግር መፍጠር ነው፤ የመሰየሙን ትእዛዝ አያይዞ እውነቱን መጻፍ ይሻላል። በአገር ውስጥም ትእዛዙ ከፍርድ ቤት ወደ ፖሊስ መዝገብ መድረሱን ራስ ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ስለ ጠባዩ የሚሰጡት የምስክርነት ደብዳቤ ካለም ከማመልከቻው ጋር ቢያያዝ ይረዳዋል።