ሰው በላጲስ አይጠፋም

«ደመሰስን!» ይላል የአንዱ መግለጫ። «እኛም ደመሰስን!» ይላል የባላንጣው። ደርግ በሬዲዮ «ወንበዴውን» ስንቴ እንደደመሰሰው እኩዮቼ ያስታውሳሉ፤ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ግን እነዚያው ተደመሰሱ የተባሉት ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እዚሁ በአማራ ክልል ያው ቃል ተመልሶ መጣ። ለመሆኑ ቃሉን የሚጠሩት ሰዎች ትርጉሙን ያውቁታል?

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁና ቃል ሲበደል ዝም ማለት አይሆንልኝም። እንግሊዞች «አናያሌት» የሚሉት ቃል ከላቲን የመጣ ነው። «ኒሂል» ማለት «ምንም» ነው፤ «አድ» ሲቀደምበት «ወደ ምንም መመለስ» ይሆናል። የነበረውን እንዳልነበረ ማድረግ ማለት ነው። የእኛው «ደመሰሰ» ደግሞ ከግእዝ ይዞት የመጣው ትርጉም መፋቅ፣ መሰረዝ ነው። ዳዊት በመዝሙር 50 ደምስስልኝ ብሎ የለመነው ኃጢአቱን እንጂ ጎረቤቱን አልነበረም! በደል የሚፋቅበትን ቃል እኛ በእናት ልጅ ላይ አዋልነው።

ደግሞስ መቼ ተሳክቶ ያውቃል? ጎንደርን ጠይቋት። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ደገማት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ይኸው ቆሟል፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥርም የቀሐ ውኃ የፋሲልን መዋኛ ይሞላል። ከተማዋ ተቃጠለች እንጂ አልተደመሰሰችም። የፊዚክስ ሰዎች እንኳ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ተገናኝተው ሲጠፋፉ ነገሩን በዚያው በእንግሊዝኛው ቃል ይጠሩታል፤ ሁለቱ ሲጠፉ ግን ጋማ ጨረር ይወጣል። እዚያም ባዶ አይቀርም።

ታዲያ ሰውማ እንዴት ባዶ ይቀራል? የተገደለው እናት አለችው፤ ቂም የሚወርስ ልጅ አለው። «ይህን ያህል የሰው ልጅ ገደልን» ማለት ያሳፍራል፤ «ደመሰስን» ማለት ግን ያስጨበጭባል። የተፋቀ ነገር አይቆጠርማ! አይለቀስለትም፣ አይቀበርም። ነውሩ እዚህ ላይ ነው።

ጦርነቱ ግድ ሆነብን የምትሉ ካላችሁ፣ ቢያንስ ቃሉን አቅኑ። «ገደልን» በሉ፤ ስንት እንደሆኑ፣ የማን ልጆች እንደሆኑ ተናገሩ። ያን ጊዜ ምላሳችሁ ይከብዳል። ይክበድ! የከበደ ምላስ እጅን ይይዝ ይሆናል። ላጲሱን ግን ለተማሪ ደብተር ተዉለት።